የሽምብጡ ኤሲ፦ ጋዝ ከመሙላት በፊት ያለው ሥራ

ማሽኑ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስፕሊት ነው (አንዱ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ሌላው ውጭ)፤ አቅሙ 12,000 ቢቲዩ፣ ኢንቨርተር ያልሆነ (የኮምፕሬሰሩ ፍጥነት የማይለዋወጥ)፣ ጋዙ አር-410ኤ። የውጭው ክፍል ሰሌዳ 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 5.2 አምፔር፣ 940 ግራም ጋዝ ይላል። የመዳብ ቱቦዎቹ ባለ ሩብ እና ባለ ሦስት ስምንተኛ ኢንች ናቸው፤ ርዝመታቸው 7.5 ሜትር። ቤቱ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ የሚባለው ሰፈር ነው፤ የውጭው ክፍል በረንዳ ላይ ፊቱን ወደ ጣና አድርጎ ተቀምጧል።

ቅሬታው፦ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል፣ ክፍሉ ግን አይቀዘቅዝም፤ ከውስጠኛው ክፍል ግራ ጠርዝ ውኃ ይንጠባጠባል። አምና ሚያዝያ ላይ ጋዝ ተሞልቶለታል። ዘንድሮም የቤቱ እመቤት የጠየቁት «ጋዝ ሙሉልኝ» ብለው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ድረስ ይህን የማይል የኤሲ ባለቤት የለም ማለት ይቻላል። ኤሲ ግን ጋዝ አይበላም። መኪና ቤንዚን እንደሚጨርሰው አይጨርሰውም፤ በተዘጋ መዳብ ውስጥ እየዞረ ይኖራል። ከጎደለ ወጥቷል፤ ከወጣ የወጣበት ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይፈልጉ መሙላት ለከርሞ ቀጠሮ መያዝ ነው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ቅደም ተከተል አየር፣ ውኃ፣ ኤሌክትሪክ፣ በመጨረሻ ጋዝ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት፣ ሳይነካ የተለካ

ካቻቪቴ ከመነሳቱ በፊት ማሽኑ በማቀዝቀዣው ምርጫ፣ በ18 ዲግሪ፣ በከፍተኛ ፋን ለ20 ደቂቃ እንዲሠራ ተደረገ። የሚገባው አየር 28 ዲግሪ፣ የሚወጣው 22። ልዩነቱ 6 ነው፤ ደህና ማሽን ከ8 እስከ 12 ማምጣት አለበት። አምፔሩ 3.9፣ ቮልቴጁ 214። ውጭ ባለው ቫልቭ ላይ ቀጭኑ ቱቦ በረዶ ይዟል።

ብዙ ሰው ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። እዚህ ሥራ ላይ ግን ጌጁ ከሳጥኑ አልወጣም። ፊልተር ሲዘጋ ኢቫፖሬተሩ (በውስጠኛው ክፍል ጋዙ ሙቀት የሚቀበልበት አካል) ሙቀት አያገኝም፤ ግፊቱ ይወርዳል፣ አምፔሩ ይወርዳል፣ በረዶ ይሠራል። ጋዝ ሲጎድልም ግፊቱ ይወርዳል፣ አምፔሩ ይወርዳል፣ በረዶ ይሠራል። ጌጁ ሁለቱን አይለያቸውም። በቆሸሸ ማሽን ላይ ጌጅ አይቶ ጋዝ የጨመረ ባለሙያ ፊልተሩ የታጠበ ዕለት ከልክ በላይ የተሞላ ማሽን ትቶ ይሄዳል፤ ያልተነነ ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ ተመልሶ ዘይቱን ያጥበዋል፣ ኮምፕሬሰሩም ዕድሜው ያጥራል። በዓይን የሚታይ አንድ ልዩነት ግን አለ። አየር ሲያንስ በረዶው የኢቫፖሬተሩን ፊት በሙሉ ይሸፍናል። ጋዝ ሲያንስ በረዶው መግቢያው አካባቢ ብቻ ይሆናል፤ የቀረው የኢቫፖሬተር ገጽ ለብ ብሎ ይቀራል። የዚህ ዓይነት ማሽን ካፒላሪው (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰው በጣም ቀጭን ቱቦ) የሚገኘው የውጭው ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ጋዝ ሲያንስ በረዶው ቀጭኑ ቱቦ ላይም ይወጣል። እዚህ ሁለቱም ምልክቶች ተቀላቅለው ነው የተገኙት።

ሰኞ ከሰዓት፣ የውስጠኛው ክፍል

ብሬከሩ ወረደ፤ ማሽኑ ለአሥር ደቂቃ ተተወ። ፊልተሮቹ ወጥተው ለብ ባለ ውኃ ታጠቡ (ከ40 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውኃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል)፤ ጥላ ላይ ደረቁ። ፊልተር ፀሐይ ላይ አይሰጣም።

ከፊልተሩ ጀርባ የተገኘው በሐይቁ ዳር ባሉ ቤቶች የተለመደ ነው። ከጣና የሚነሳው ትንኝ ማታ መብራት ተከትሎ ይገባል፤ ማሽኑ ከአየሩ ጋር ይስበዋል፤ እርጥብ ፊን (የኢቫፖሬተሩ ቀጭን የአሉሚኒየም ቅጠል) ላይ ተጣብቆ ይደርቃል፤ በበጋ አቧራ ይደርብበታል። ከዓመት ዓመት ሲደራረብ በፊኖቹ መካከል እንደ ጭቃ ያለ ንብርብር ይሠራል፤ ይህን ደረቅ ብሩሽ አያነሳውም።

የኤሌክትሪኩ ሳጥን በፌስታል ተጠቅልሎ በፕላስተር ታሸገ፤ ከማሽኑ ሥር ውኃውን ወደ ባልዲ የሚመራ ሰፊ ላስቲክ ተሰቀለ። ለብ ባለ 1 ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ላርጎ ተበጥብጦ በእጅ በሚነፋ የአትክልት መርጫ ተረጨ። 15 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ በንጹህ ውኃ ታጠበ። የሚረጨው ከላይ ወደ ታች፣ የፊኖቹን አቅጣጫ ተከትሎ ነው። የመኪና ማጠቢያ ማሽን ፊኑን አስተኝቶ መንገዱን ይዘጋዋል። በረኪናና አሲድ አሉሚኒየም ላይ አይደረጉም፤ ፊኑ ያን ዕለት ነጭ ሆኖ ያምራል፣ በኋላ ግን ይበላል፣ መዳቡም ይበሳል።

ከፊኑ ይልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው ብሎወሩ ነው፤ ማለትም ከአየር መውጫው በስተጀርባ የሚሽከረከረው ረጅም ፋን። ቅጠሎቹ ጠመዝማዛ ናቸው፤ በጉድጓዳቸው ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር አቧራ ሲሞላ ፋኑ በሙሉ ፍጥነት እየዞረም አየር አይገፋም። ፊልተሩና ኢቫፖሬተሩ ታጥበው «ነፋሱ ግን ደካማ ነው» የሚባል ማሽን ሲገኝ ብሎወሩን ማየት ነው። ይህኛው በረጅም እጀታ የጥርስ ብሩሽ፣ ቅጠል በቅጠል ተጠረገ፤ ሰዓት ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየር ግፊቷ 82 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ወለል 101 ነው። አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀሏል ማለት ነው። ፋኑ ያንኑ መጠን ይገፋል፤ የሚያጓጉዘው ሙቀት ግን ያንሳል። ለቆላ የተሰላ ማሽን እዚህ ሲሠራ ለቆሻሻ የሚተርፍ አቅም የለውም። ጋምቤላ ላይ የሚታገሰው አቧራ እዚህ ማሽኑን ያንበረክከዋል።

ሰኞ ማምሻ፣ ውኃው

ከጠርዙ የሚንጠባጠበው ውኃ ሁለት ምክንያት ነበረው። አንደኛው በረዶው ሲቀልጥ ገንዳው ከሚችለው በላይ ውኃ በአንዴ መውረዱ ነው። ሁለተኛው የመፍሰሻው ቱቦ ነው፦ ጫፉ ሰው ባልዲ ውስጥ ነክሮት ውኃው እየሞላ ሲሄድ አየር መውጫ አጥቷል፤ ውስጡም አረንጓዴ ዝቃጭ ይዟል። ቱቦው ከውጭ ጫፉ በመምጠጫ ተጸዳ፤ ጫፉ ከባልዲው አፍ በላይ ተነስቶ ታሰረ። በአንድ ሜትር ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ቁልቁለት መኖሩ በውኃ ልክ ታየ። ከዚያ 1 ሊትር ተኩል ውኃ ገንዳው ላይ ፈሰሰ፤ ሁሉም በውጭው ጫፍ ወጣ። ይህ ሙከራ ሳይደረግ የማሽኑ ክዳን አይገጠምም። ጥር ላይ አየሩ ደረቅ ስለሆነ የተዘጋ ቱቦ አይታወቅም፤ ዝናብ ሲጀምርና ከሐይቁ እርጥበት ሲጨመር ነው ግድግዳው የሚረጥበው።

ማክሰኞ ጠዋት፣ የውጭው ክፍልና ኤሌክትሪኩ

ኮንደንሰሩ (በውጭው ክፍል ጋዙ ሙቀቱን የሚለቅበት አካል) ከውስጥ ወደ ውጭ ታጠበ። ከውጭ መርጨት ቆሻሻውን የበለጠ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከበስተጀርባው ያለው ክፍተት 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር፤ መቀመጫው ተጎትቶ 25 ሆነ። ከፊቱ የነበረው የአበባ ማሰሮ ተነሳ።

ካፓሲተሩ (ኮምፕሬሰሩ እንዲነሳ የሚረዳው) 35 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት፣ ሲደመር ሲቀነስ 5 በመቶ ይላል። ስለዚህ የሚፈቀደው ከ33.25 እስከ 36.75 ነው። ከመለካቱ በፊት በ20 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር ተራገፈ፤ በካቻቪቴ ጫፍ ማገናኘት ካፓሲተሩንም ሰውንም ይጎዳል። የተለካው 29.4 ነው። ይህ ኮምፕሬሰሩን ፈጽሞ አላቆመውም፤ ግን ማታ ቮልቴጅ ሲወርድ መነሳት ያቅተዋል፣ «ህም» እያለ ይቆማል፣ ኦቨርሎዱ ይቆርጠዋል። በ35 ማይክሮፋራድ፣ 450 ቮልት አዲስ ተቀየረ። ቮልቱ የበለጠ ካፓሲተር ማስገባት ይቻላል፤ ማይክሮፋራዱ ግን ያው መሆን አለበት፤ «ጠንከር ያለ ይሁን» ብሎ 45 ማስገባት ሞተሩን ያሞቀዋል።

የኮምፕሬሰሩ ሞተር የሽቦ ጥቅል፣ በሦስቱ ተርሚናሎቹ (ኮመን፣ ራን፣ ስታርት) መካከል፦ ከኮመን ወደ ራን 2.4 ኦም፣ ከኮመን ወደ ስታርት 3.3፣ ከራን ወደ ስታርት 5.7። የሁለቱ ድምር ከሦስተኛው ጋር እኩል ስለሆነ ጥቅሉ ደህና ነው። ወደ አካሉ በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ሲለካ ከ50 ሜጋኦም በላይ፤ ከ2 በታች ቢሆን ኖሮ እርጥበት ወይም የተቃጠለ ዘይት ይፈለግ ነበር። ተርሚናሎቹ ጠበቁ፤ አንዱ ሽቦ ጫፉ ጠቁሮ ስለነበር ተቆርጦ በአዲስ ተርሚናል ተገጠመ።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጌጅ

አሁን ጌጅ ይወጣል። ከእጥበቱ በኋላ የአየሩ ልዩነት ከ6 ወደ 8 ከፍ ብሏል፤ የውስጡ በረዶ ጠፍቷል፣ የቀጭኑ ቱቦ በረዶ ግን አልጠፋም። የመምጠጫው (ጋዙ ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለስበት ወገን) ግፊት 88 ፒኤስአይ። በአር-410ኤ ሠንጠረዥ ይህ ከዜሮ በታች 4 ወይም 5 ዲግሪ ነው፤ በረዶው የመጣው ከዚህ ነው። ጋዙ በእርግጥ ጎድሏል።

ሠንጠረዡ ሲነበብ አንድ እርማት አለ። ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የታተሙት ሠንጠረዦች ደግሞ ለባሕር ወለል ናቸው። እዚህ የውጭው አየር በ3 ፒኤስአይ ገደማ ስለሚያንስ፣ ባሕር ዳር ላይ ከተነበበው 3 ቀንሶ ሠንጠረዡን ማየት ነው። በአር-410ኤ ልዩነቱ አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም፤ ግፊቱ ዝቅተኛ በሆነ የማቀዝቀዣ ጋዝ፣ ለምሳሌ በፍሪጅ 134ኤ ላይ ግን 2 እና 3 ዲግሪ ያሳስታል።

ፍሳሹን ለማግኘት መጀመሪያ የታየው ዘይት ነው። ጋዝ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ዘይቱ አቧራ ይይዛል። የወፍራሙ ቱቦ ነት ላይ ያለው ላስቲክ ሲገለጥ ጥቁር ቅባት ተገኘ። የላርጎ አረፋ ሲቀባ ከነቱ ጀርባ ትንንሽ ፊኛ ቀስ እያለ አበጠ። ላስቲኩን ሳይገልጡ አረፋ መቀባት ዋጋ የለውም፤ አምና ይህ ፍሳሽ ያልታየው በዚህ ይመስላል።

ረቡዕ፣ ፍሌሩ

በማሽኑ ውስጥ የነበረው ጋዝ በሪከቨሪ ማሽን ወደ ባዶ ሲሊንደር ተሳበ፤ ሲመዘን 610 ግራም። ለ7.5 ሜትር ቱቦ መያዝ የነበረበት 990 ነው (ሰሌዳው 940ውን የሚሰጠው እስከ 5 ሜትር ነው፤ ለትርፉ በሜትር 20 ግራም ይጨመራል)። 380 ግራም ጎድሏል። ወደ ሰማይ መልቀቅ ቀላል ነው፤ ግን አየር የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በ2,088 እጥፍ ይበልጣል፤ የጎደለው 380 ግራም ብቻ ወደ 790 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመዝናል። የሪከቨሪ ሲሊንደር ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም፤ ሲሞቅ ፈሳሹ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል።

ነቱ ሲፈታ ምክንያቱ ታየ፦ የፍሌሩ (እንደ ጥሩምባ የተከፈተው የቱቦ አፍ) ከንፈር ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለ፤ ውስጡም የቱቦ መቁረጫው የተወው ጉርድ (ሹል ጠርዝ) አልተነሳም። ጉርዱ ሳይነሳ የተከፈተ መዳብ ከንፈሩ ሳስቶ ይወጣል፤ ከዚያ ነቱ ከልክ በላይ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል።

አዲሱ እንዲህ ተሠራ። ቱቦው በመቁረጫ፣ ቀስ በቀስ እየተጠበቀ ተቆረጠ። አፉ ወደ ታች ተደፍቶ ጉርዱ ተነሳ፤ ወደ ላይ ቢሆን ብናኙ ወደ ውስጥ ገብቶ ካፒላሪ ይዘጋል። ነቱ አስቀድሞ ገባ። በ45 ዲግሪ ፍሌር ተከፈተ፤ የከንፈሩ ስፋት በካሊፐር 13 ሚሊ ሜትር (ለዚህ ቱቦ ከ12.8 እስከ 13.2 ነው፤ ለሩብ ኢንች ከ8.7 እስከ 9.1)። አንድ ጠብታ የኮምፕሬሰር ዘይት ተቀባ፣ ነቱ በእጅ እስኪቆም ተሽከረከረ፣ ከዚያ በሁለት ቁልፍ ተይዞ በቶርክ ቁልፍ 36 ኒውተን ሜትር ተጠበቀ። ለዚህ መጠን ከ33 እስከ 40 በቂ ነው፤ ለሩብ ኢንች ከ15 እስከ 17። ቴፍሎን ፍሌር ላይ አይጠመጠምም፤ የሚያሽገው መዳቡና ናሱ ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው። ቀሪዎቹ ሦስት ፍሌሮችም ተፈትተው ታዩ፤ ደህና ነበሩ።

ከዚያ ናይትሮጅን፣ በሬጉሌተር፣ እስከ 300 ፒኤስአይ። እዚህ ላይ ቸል የማይባል ነገር አለ፦ ናይትሮጅን ሲጠፋ የብየዳ ቤት ኦክስጅን የሚጠቀሙ አሉ። ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል። ናይትሮጅን ከሌለ ሥራው ይጠብቃል።

ሲሞላ የአየሩ ሙቀት 28 ነበር። ሌሊቱን አደረ።

ሐሙስ ጠዋት

ንጋት ላይ 19 ዲግሪ፣ ጌጁ 291። ፍሳሽ አይደለም። በዚህ ግፊት ላይ አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ናይትሮጅኑ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል፤ 9 ዲግሪ፣ 9 ፒኤስአይ። ፀሐይ ወጥታ 28 ሲሆን ጌጁም ወደ 300 ተመለሰ። ሙቀቱን ያልጻፈ ሰው ደህናውን ፍሌር እንደገና ይፈታው ነበር።

ቫኪዩም። ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ነው። መጽሐፍ የሚለው 29 ወይም 30 ኢንች ሜርኩሪ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ግን ጌጁ ከ24 ኢንች አያልፍም፤ ፓምፑ አዲስም ቢሆን አያልፍም። የጌጁ ዜሮ የከተማው አየር ነው፤ ከዚያ ወደ ፍጹም ባዶነት ያለው ርቀት 24 ኢንች ብቻ ነው። ፓምፕ የሚቀይር፣ ፍሳሽ የሚፈልግ፣ ጌጅ የሚጥል ሰው የሚሞግተው ከከፍታው ጋር ነው። ደግሞም 24 ኢንች ማየት እርጥበቱ መውጣቱን አያረጋግጥም፤ ያ ጌጅ ለዚህ ሻካራ ነው። ማይክሮን ጌጅ (በጣም ትንሽ ግፊት የሚለካው) ግን የሚለካው ከፍጹም ባዶነት ስለሆነ ከፍታ አይነካውም።

ከ40 ደቂቃ በኋላ 420 ማይክሮን። ቫልቩ ተዘግቶ ፓምፑ ቆመ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ወደ 610 ወጥቶ ቆመ። ከ1,000 በታች መቆሙ ደረቅና የታሸገ ነው ማለት ነው። ወደ 1,500 ወይም 2,000 ወጥቶ ቢቆም እርጥበት አለ፣ ፓምፑ ይቀጥላል፤ ሳይቆም ቢወጣ ፍሳሽ አለ። የዚህ ጋዝ ዘይት እርጥበት አጥብቆ ይጠጣል፤ ከውኃ ጋር አሲድ ይሆናል፣ የኮምፕሬሰሩን ጥቅል ይበላል። በመሃል መብራት ቢጠፋ መጀመሪያ የማኒፎልዱን (ጌጆቹ የተሰኩበትን) ቫልቭ መዝጋት ነው፤ መመለሻ ቫልቭ የሌለው ፓምፕ ሲቆም ዘይቱ ወደ ማሽኑ ይሳባል።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ጋዙ

ሲሊንደሩ ሚዛን ላይ ተገልብጦ ተቀመጠ። አር-410ኤ የሁለት ጋዞች ቅልቅል ነው (አር-32 እና አር-125፣ በክብደት እኩል)፤ በፈሳሽነቱ ካልገባ ቅልቅሉ ሊዛባ ይችላል። የሆዙ አየር ተገፋ፤ ማሽኑ ሳይነሳ፣ ቫኪዩሙ ራሱ እየሳበ 700 ግራም ገባ። የቀረው 290 ኮምፕሬሰሩ እየሠራ በመምጠጫው በኩል ጠብ ጠብ እያለ ገባ። በጌጅ ሳይሆን በግራም መሙላት ይሻላል፤ ጌጁ ቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይለዋወጣል፣ ሚዛኑ አይለዋወጥም። አዲሶቹ ማሽኖች አር-32 ይዘው እየመጡ ነው፤ እሱ እሳት የሚይዝ ጋዝ ስለሆነ በሌላ መሣሪያና በሌላ ጥንቃቄ ይሠራል፤ በአር-410ኤ ማሽን ውስጥም አይጨመርም።

ከ30 ደቂቃ በኋላ፦ የሚገባው አየር 27፣ የሚወጣው 15.5። የመምጠጫ ግፊት 125 ፒኤስአይ፤ 3 ሲቀነስ 122፣ ይህም 5 ዲግሪ ገደማ ነው። የወፍራሙ ቱቦ ሙቀት 11፣ ስለዚህ ሱፐርሂቱ (ጋዙ ከተነነ በኋላ የጨመረው ሙቀት) 6። አምፔር 4.9። ሁለቱም ቫልቮች ላይ ጠል እንጂ በረዶ የለም። የተገለጠው ላስቲክ በአዲስ ተተካ፤ ከላዩ በቴፕ ተጠቀለለ፣ ዝናብ እንዳያስገባ ከታች ወደ ላይ እየተደረበ።

ብሬከሩ አጠገብ ከ198 በታችና ከ242 ቮልት በላይ የሚቆርጥ፣ ከመቆራረጥ በኋላ 3 ደቂቃ የሚያዘገይ መከላከያ ተገጠመ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ኮምፕሬሰሩ በጭንቅላቱ ላይ ግፊት ተሸክሞ ለመነሳት ይታገላል፤ የሚስበው አምፔር ከመደበኛው ከአራት እስከ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ከጋዝ ፍሳሽ ይልቅ ኮምፕሬሰር የሚገድለው ይህ ነው።

በተከታዩ ሳምንት

ነቱ ሲጠብቅ የተደረገበት ምልክት አልተንቀሳቀሰም፣ ነቱ አካባቢ ዘይት የለም፤ የአየሩ ልዩነት 11 ዲግሪ። ወለሉ ደረቅ ነው።

ለቤቱ የቀረው ሥራ፦ ፊልተር ከመጋቢት እስከ ግንቦት በየሁለት ሳምንቱ፤ ሌላ ጊዜ በወር። ማታ በረንዳው መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ቢሠራ ትንኙ ይቀንሳል። ክረምት ላይ የውጭው ክፍል በላስቲክ አይጠቀለልም፣ እርጥበት ያፍናል፣ አይጥ ቤት ይሠራበታል፤ ላይ ላዩን ብቻ ይከደናል። መስከረም ላይ አንድ ሰዓት በፋን ብቻ ይሠራ።

ለሚቀጥለው ባለሙያ በውጭው ክፍል ክዳን ውስጥ የተለጠፈው፦ «አር-410ኤ፣ 990 ግራም፣ በሚዛን። ወፍራሙ ፍሌር አዲስ፣ 36 ኒውተን ሜትር። ካፓሲተር 35፣ አዲስ። በ27 ዲግሪ መምጠጫ 125 ፒኤስአይ፣ 4.9 አምፔር። ግፊቱ ከዚህ ከወረደ መጀመሪያ ፊልተሩንና ብሎወሩን እይ፤ ከዚያ ላስቲኩን ገልጠህ ዘይት ፈልግ።»